ፎቶግራፍ ብቻውን ሱቅ አይሆንም

ውድ አንባቢ፤ አንድ ዕቃ ለመግዛት ሲያስቡ ወዴት ይሄዳሉ? አያቶቻችን ይህን ቢጠየቁ «ገበያ ነዋ!» ብለው በመገረም ይመልሱ ነበር። ገበያ ማለት የታወቀ ቀን፣ የታወቀ ሜዳና የታወቀ መንገድ ያለው ነገር ነበርና። ዛሬ ግን ብዙ ሰው ገበያውን በኪሱ ይዞ ይዞራል። በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ወይም ማታ ከእራት በኋላ ጋደም ብሎ፣ የስልኩን መስተዋት በጣቱ እየገፋ ጫማውንም፣ ሳፋውንም፣ የሐበሻ ቀሚሱንም ያማርጣል።

ማማረጡስ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ደስ የሚል ጋቢ ከዓይንዎ ገባ እንበል። ፎቶግራፉ ያምራል፤ ጥለቱም ደማቅ ነው። ዝቅ ብለው ቢያነቡ የሚያገኙት አንድ ስልክ ቁጥርና «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ቃል ብቻ ነው። ርዝመቱ ስንት ነው? የእጅ ፈትል ነው ወይስ የፋብሪካ ክር? ዋጋውስ? ጥያቄዎን ጽፈው ይልካሉ። መልሱ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ያልፋል፤ በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ እርስዎ ወደ ሌላ ሻጭ ሄደዋል። የመጀመሪያው ሻጭ ደንበኛ እንዳመለጠው እንኳ ሳያውቅ ያድራል።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ነገር ነው። አንድ ሻጭ በስልኩ ያነሣቸውን ብዙ ፎቶግራፎች በአንድ ጊዜ እንዴት የተሟላ የዕቃ ዝርዝር ሊያደርጋቸው እንደሚችል፣ ሲያደርግም ከምን መጠንቀቅ እንዳለበት እንመለከታለን። ለዚህም ምሳሌ እንዲሆኑን በአዲስ አበባ ዙሪያ ወዳሉ ሦስት ከተሞች፣ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሰበታና ወደ ሱሉልታ እንወስድዎታለን።

ስለ ምን እነዚህን መረጥን? እነዚህ ከተሞች ዋና ከተማችንን እንደ መቀነት ከከበቧት መካከል ናቸው። በ2015 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል ሸገር ከተማን ሲያቋቁም ሦስቱም በዚያው ሥር ተጠቃለሉ። በእነርሱ ዘንድ የሚኖር ነጋዴ ወይም ባለ እጅ፣ ብዙው ገዢው ያለው አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ በመርካቶ ወይም በቦሌ ሱቅ ለመከራየት ግን አቅሙ አይፈቅድለት ይሆናል። ስለዚህ ለእርሱ ስልኩ የሱቁ መስኮት ነው። መስኮቱ ላይ የሰፈረው ቃል የተሳሳተ እንደ ሆነ የሚከስረው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ስሙም አብሮ ይጠፋል።

በአንዲት ወረቀት የተጀመረ ንግድ

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። እ.ኤ.አ. በ1872 አሮን ሞንትጎመሪ ዋርድ የሚባል አሜሪካዊ ነጋዴ በቺካጎ ከተማ አንዲት ወረቀት አሳተመ። በወረቀቷ ላይ የ163 ዕቃዎች ስምና ዋጋ ተዘርዝሮ፣ እንዴት ማዘዝ እንደሚቻል ተጽፎባት ነበር። ወረቀቷ የተላከችው ከከተማ ርቀው ለሚኖሩ ገበሬዎች ነው። ገበሬው ዕቃውን በእጁ አልዳሰሰውም፤ ከሻጩም ጋር ፊት ለፊት አልተያየም። ሆኖም የዕቃውን ስም አንብቦ፣ ዋጋውን አስቦ ገንዘቡን ላከ። ከዚያች አንዲት ወረቀት ተነሥቶ በፖስታና በባቡር የሚካሄድ ታላቅ ንግድ ተስፋፋ።

ዋርድ የጀመረው በስምና በዋጋ እንደ ነበር ልብ ይበሉ። ዛሬ ነገሩ ተገላብጧል። ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ፎቶግራፍ አንሺ ስለ ሆነ ሥዕል እንደ ልብ ተገኘ፤ ስምና ዋጋ ግን ተወደደ።

በአገራችን ይህ የስልክ ንግድ የተስፋፋው ቀስ በቀስ ነው። ቴሌግራም የተባለው የመልእክት መላላኪያ እ.ኤ.አ. በ2013 ተመሠረተ። ከሁለት ዓመት በኋላም አንድ ሰው ለብዙ ተከታዮች በአንድ ጊዜ የሚያሰራጭበትን ቻናል አወጣ። ብዙ ሻጮቻችን ይህንን ቻናል እንደ ሱቅ ያዙት። በእኛ አቆጣጠር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ሲጀምር ደግሞ ገዢው ዋጋውን ከዚያው ስልክ መክፈል ቻለ። ዕቃውን በሞተር ብስክሌት የሚያደርሱ ወጣቶችም ተበራከቱ። እንግዲህ መስኮቱም፣ ገንዘብ መቀበያውም፣ ተሸካሚውም ተሟልተዋል ማለት ነው። የጎደለው ያች የዋርድ ወረቀት ናት።

ቡራዩ፤ «ልጄ፣ እሱ ነጠላ አይደለም»

ከአስኮ አልፈው በአምቦ መንገድ ሲሄዱ ቡራዩን ያገኛሉ። አዲስ አበባ የምትጠጣው ውሃ ከሚጠራቀምባቸው ቦታዎች አንዱ የሆነው ገፈርሳ በዚሁ አቅጣጫ ነው። በቡራዩ ከሚኖሩት ባለ እጆች መካከል ሥረ መሠረታቸው ከጋሞ የሆነ ሸማኔዎች ይገኛሉ። በሽሮ ሜዳ ተሰቅሎ የሚያዩት ጋቢና ነጠላ እንደ እነርሱ ባሉ ሰዎች እጅ የተሠራ ነው።

በእንዲህ ያለ ቤት ሊሆን የሚችለውን እናስብ። አባት እግራቸውን ወደ ጉድጓዱ ሰድደው መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ ይልካሉ። የሽያጩን ነገር የያዘችው ትምህርቷን የጨረሰች ልጃቸው ናት። ከጎረቤት ሸማኔዎችም ሥራ ተቀብላ 60 ልብስ ፎቶግራፍ አንሥታለች። ስለ እያንዳንዱ መጻፍ ሲሰለቻት ሥዕሎቹን በሙሉ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚባለው ፕሮግራም ሰጥታ «ለእያንዳንዱ መግለጫ ጻፍልኝ» ትለዋለች። ፕሮግራሙም የተጣደው ሻይ ሳይፈላ ስድሳውንም ጽፎ ያቀርብላታል። ልጅቱ ደስ ብሏት ለአባቷ ታነብላቸው ጀመር፤ «ሙሉ በሙሉ በእጅ የተፈተለ ጥጥ፤ ለሠርግና ለበዓል የሚሆን ነጠላ...»

«ቆይ ልጄ» ይላሉ አባት መወርወሪያውን አቁመው። «የትኛውን ነው የምታነቢው?»

«ይሄን ነው አባባ፤ አረንጓዴ ጥለት ያለውን።»

«እሱ ነጠላ አይደለም፤ ጋቢ ነው። ደግሞ ማጉ እንጂ ድሩ የእጅ ፈትል አይደለም። ድሩ የፋብሪካ ክር ነው። ሰው እንዳትዋሺ።»

«እኔ እኮ አልጻፍኩትም አባባ፤ እሱ ነው የጻፈው።»

«ገዢው የሚያውቀው አንቺን ነው፤ እሱን መቼ ያውቀዋል?»

አባት እውነታቸውን ነው። ጋቢ በአራት ድርብ የሚሠራ፣ ለብርድ የሚሆን ወፍራም ልብስ ነው፤ ነጠላ ግን ስስ ነው። ሁለቱም ታጥፈው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ግን በፎቶግራፍ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ካሜራ ድርቡን አይቆጥርም፤ ክሩንም በጣቱ አይዳስስም። ታዲያ ፕሮግራሙ «የእጅ ፈትል» የሚለውን ከየት አመጣው? ከሌሎች ማስታወቂያዎች ነው። የባህል ልብስ በሚሸጥበት ቦታ ሁሉ ይህ ቃል ተደጋግሞ ተጽፎ ስላገኘው፣ በዚህኛውም ላይ ደገመው።

የዚህን ምክንያት ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። መኪናዎች ሥዕል አይተው ስም እንዲሰጡ ለማሠልጠን ታስቦ ኢሜጅኔት የተባለ ታላቅ የሥዕል ክምችት እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕዝብ ቀረበ። በዚህ ክምችት መነሻነት በየዓመቱ ውድድር ይደረግ ነበር። በ2012 ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የመጡት አሌክስ ክሪዠቭስኪ፣ ኢልያ ሱትስኬቨርና ጄፍሪ ሂንተን ተወዳዳሪዎቻቸውን በሰፊ ልዩነት ስላሸነፉ፣ ዛሬ ለምናየው ዕድገት ትልቅ በር ከፈቱ። በውድድሩ መኪናው እንዲለያቸው የሚጠየቀው የ1,000 ዓይነት ነገሮች ስም ነበር። በዚያ ዝርዝር ውስጥ የጃፓኑ ኪሞኖ፣ የዐረቦቹ ዐባያና የደቡብ አሜሪካው ፖንቾ አሉ፤ የእኛ ነጠላና ጋቢ ግን የሉም። ስሙን ያልተማረ መኪና ጋቢ ቢያሳዩት «አላውቀውም» አይልም፤ ከሚያውቃቸው ስሞች መካከል የሚቀርበውን መርጦ ይሰጠዋል።

የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች ከዚያ ወዲህ እጅግ ብዙ ተምረዋል፤ አማርኛም ይጽፋሉ። ቢሆንም ጠባያቸው ያው ነው። ያላዩትን ነገር ብዙ ጊዜ ባዩት ነገር ይሞሉታል። ስለዚህ ከቡራዩ የምንማረው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ የዕቃውን ስምና የተሠራበትን ነገር መናገር ያለበት ዕቃውን የሠራው ወይም የገዛው ሰው ነው።

ሰበታ፤ የሳፋው ልክ

አሁን ወደ ደቡብ ምዕራብ ዞረን በጅማ መንገድ እንሂድ። ዓለም ገናን አልፈን ሰበታ እንገባለን። ሰበታ ከጥንት በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤቷና በሜታ ቢራ የታወቀች ናት፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጂቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድም ጫፉ እዚሁ ነው። ፋብሪካ ስለ በዛባት የሠራተኛው ቁጥር ብዙ ነው፤ የሠራተኛ ብዛት ባለበት ቦታ ደግሞ የቤት ዕቃ ንግድ ይደራል።

አንድ ወጣት ነጋዴ ከመርካቶ አከፋፋይ ሳፋ፣ ድስት፣ ጀሪካንና የጫማ መደርደሪያ አምጥቶ በሰበታና በአዲስ አበባ ለሚገኙ ደንበኞች በስልክ ይሸጣል እንበል። ዕቃው 200 ዓይነት ነው። ሰማያዊ ሳፋ አንሥቶ ከቻናሉ ላይ ለጠፈ። አንዲት እመቤት ከመካኒሳ አይታ ወደደችው፤ ልብስ የምታጥብበት መስሏት ገንዘቡን በቴሌብር ላከች። ሞተረኛው ይዞላት ሲመጣ ሳፋው የሕፃን ፊት ከማጠብ አያልፍም። ፎቶግራፉ ውስጥ ሌላ ነገር አብሮ ስላልነበረ ትንሹም ትልቁም ሳፋ አንድ መስለው ነበር።

አሁን የከሰረው ማን ነው? እመቤቲቱ ጊዜዋን ከስራለች። ነጋዴው የሞተረኛውን የመሄጃና የመመለሻ ሒሳብ ሲከፍል የሳፋውን ትርፍ በሙሉ በልቶበታል። ከሁሉም የባሰው ግን እመቤቲቱ ለጎረቤቶቿ የምትናገረው ነገር ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዕቃው ፎቶግራፍ ሲነሣ ሁሉ ሰው የሚያውቀው ነገር ከጎኑ ይቁም፤ ለምሳሌ የ1 ሊትር የዘይት ጠርሙስ። ከዚያም ስፋቱ በሳንቲ ሜትር፣ የሚይዘው ውሃ በሊትር ይጻፍ። አንድ ዕቃ በሦስት ልክና በአራት ቀለም የሚገኝ እንደ ሆነ 12 ዓይነት ዕቃ ነው ማለት ነውና እያንዳንዱ የራሱ መለያ ቁጥርና የራሱ ዋጋ ይኑረው። «ሁሉም ልክ አለ» ብሎ መጻፍ ገዢውን እንደገና ወደ ጥያቄ መመለስ ነው። ከሰበታ የምንማረውም ልክን ነው።

ሱሉልታ፤ ካሜራ የማያሸተው ነገር

ሦስተኛው መንገዳችን ወደ ሰሜን ነው። ከአዲሱ ገበያ ተነሥተን የእንጦጦን ጀርባ አቋርጠን በጎጃም መንገድ ስንወርድ የሱሉልታ መስክ ይዘረጋልናል። አየሩ ብርድ ነው፤ ሯጮቻችን ለልምምድ የሚመርጡት አገር ነው። ከብቱ፣ ወተቱና የታጨደው ሣር ደግሞ የአገሩ ሀብት ነው።

እስቲ ቅቤን ፎቶግራፍ አንሥተው ለመሸጥ ይሞክሩ። ለጋውም፣ መካከለኛውም፣ በሳሉም በሥዕል ላይ ሲታዩ ቢጫ ጉብታ ናቸው። ገበያ ላይ ያለች ባልቴት በጥፍሯ ጫፍ ቆንጥራ፣ አሽታ፣ በጣቷ አሽታ ከሌላው የምትለየውን ነገር ካሜራ ሊለየው አይችልም። በቅቤ ውስጥ ባዕድ ነገር ይቀላቀላል የሚል ሥጋት በሰው ልብ ባለበት ጊዜ ደግሞ «ምርጥ የሱሉልታ ቅቤ» የሚል ያማረ ጽሑፍ ብቻውን ጥርጣሬ እንጂ እምነት አያመጣም። ሻጩ ግን «ለጋ፤ የተናጠው በዚህ ቀን፤ ቀምሰው የማይወዱት ከሆነ እመልሳለሁ» ብሎ ቢጽፍ ያው አንድ ፎቶግራፍ ሌላ ዋጋ ያገኛል።

የሣሩም ነገር እንደዚሁ ነው። ሣር የሚታጨደው ክረምቱ ካለፈ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ደርቆ በጊዜው የተከመረውና ዝናብ ያገኘው በዋጋ አንድ አይደሉም። አምና የተነሣ ፎቶግራፍ ዘንድሮ ቢለጠፍ ግን ማን ያውቃል? ሥዕል አያረጅምና ዕቃው ካለቀ በኋላም «ግዙኝ» እያለ ይኖራል። ስለዚህ የሱሉልታ ትምህርት ቀን ነው። መቼ እንደ ተሠራ፣ መቼ እንደ ታጨደ፣ ፎቶግራፉ መቼ እንደ ተነሣ ይጻፍ።

ስምና የተሠራበት ነገር፣ ልክ፣ ቀን፣ ከእነርሱም ጋር ዋጋ። እነዚህ አራቱ በፎቶግራፍ ውስጥ የማይገኙ ነገሮች ናቸው።

ሥራው ደረጃ በደረጃ

«ነገሩስ ገብቶኛል፤ ግን 200 ዕቃ ያለው ሰው ይህን ሁሉ መቼ ጽፎ ይጨርሳል?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ጥያቄዎ ተገቢ ነው። አንዱን ዕቃ አስቦ መጻፍ 6 ደቂቃ ቢወስድ 200ው 1,200 ደቂቃ፣ ማለት 20 ሰዓት ይፈጃል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን ሥራው በተራ በተራው ይሂድ።

መጀመሪያ፣ ስልክዎን ከማንሣትዎ በፊት ደብተር ይያዙ። ለእያንዳንዱ ዕቃ መለያ ቁጥር ይስጡ፤ ቁጥሩንም በትንሽ ወረቀት ላይ በደማቁ ይጻፉ። በደብተሩ ላይ ቁጥር፣ ስም፣ የተሠራበት ነገር፣ ልክ፣ ቀን፣ ዋጋና ብዛት የሚሉ ዓምዶች ያስምሩ። ዕቃውን ለክተው ይህን መሙላት ለአንዱ 1 ደቂቃ ቢወስድ ለ200ው 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው።

ሁለተኛ፣ ፎቶግራፉን በጠዋት ብርሃን፣ በር ወይም መስኮት አጠገብ ያንሡ። የቀትር ፀሐይ ቀለሙን ያነጣዋል፤ ማታ ቢጫ አምፖል ሥር የተነሣ ነጭ ነጠላ ደግሞ የቆሸሸ ይመስላል። ለእያንዳንዱ ዕቃ የመጀመሪያው ሥዕል ቁጥሩ ከተጻፈበት ወረቀት ጋር ይነሣ። ይህ ሥዕል ለሕዝብ አይወጣም፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያሉት ሥዕሎች የማን እንደ ሆኑ እንዳይምታታብዎ የሚያገለግል ምልክት ነው። ከዚያ ፊቱን፣ ጀርባውንና ቀረብ ብለው አንዱን ክፍል ያንሡ። ነውር ካለበት ነውሩንም ያንሡ።

ሦስተኛ፣ ደብተሩን ኤክሴል በመሰለ ሰንጠረዥ ላይ ገልብጠው ሥዕሎቹን በመለያ ቁጥራቸው ይሰይሙ። የ14ኛው ዕቃ ሁለተኛ ሥዕል «014-2» ይባላል። ሥዕሉና ሰንጠረዡ የሚገናኙት በዚህ ቁጥር ብቻ ስለ ሆነ እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው የድስቱን ዋጋ ለጀሪካኑ ይሰጣል።

አራተኛ፣ አሁን ሥዕሉንና ሰንጠረዡን አንድ ላይ ለፕሮግራሙ ይስጡት። ትእዛዝዎም ቁርጥ ያለ ይሁን፤ «ስምን፣ የተሠራበትን ነገር፣ ልክን፣ ቀንንና ዋጋን ከሰንጠረዡ ብቻ ውሰድ። ከሥዕሉ የሚታየውን ቀለምና ጥለት ጨምር። በሰንጠረዡ የሌለውን ባዶ ተወው እንጂ አትገምት።» የቡራዩዋ ልጅ ይህን ብላ ቢሆን ኖሮ ጋቢው ነጠላ ባልሆነ ነበር።

አምስተኛ፣ ያንብቡ። ከተቻለ ዕቃውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ተቀምጦ ይስማ። ለአንዱ ግማሽ ደቂቃ ቢሰጡት ለ200ው 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ከደብተሩ ጊዜ ጋር ሲደመር 5 ሰዓት ይሆናል። በ20 ሰዓት ፈንታ 5 ሰዓት! ከዚህ የበለጠ ለመፍጠን ብሎ ማንበቡን መተው ግን ቁጠባ አይደለም።

ስድስተኛው መለጠፍ ነው። ሾፒፋይና ዉኮሜርስ የተባሉት የሱቅ ፕሮግራሞች ሲኤስቪ የሚባለውን የሰንጠረዥ ዓይነት በአንድ ጊዜ ይቀበላሉ። በቴሌግራም የሚሠራ ሰው ደግሞ እስከ 10 ሥዕል በአንድነት መለጠፍ፣ ለእያንዳንዱም መልእክት የሚወጣበትን ሰዓት አስቀድሞ መወሰን ይችላል። ሁለት መቶውን ዕቃ በአንድ ሌሊት ማፍሰስ ግን ተከታዩን ያሰለቻል፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይውጣ። የተሸጠውን ዕቃም በዚያው ቀን «ተሽጧል» ይበሉበት።

ስለ ፊደላችን ሁለት ቃል

የአማርኛ ሻጭ ብቻ የሚያገኘው ችግርም አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ በስልክም በኮምፒዩተርም እንደ ልብ እንጽፋለን። ሆኖም ሰንጠረዡን በሲኤስቪ ሲያስቀምጡ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ምርጫ ካልወሰዱ፣ ለፍተው የጻፉት አማርኛ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። ስለዚህ 200ውን ከማስገባትዎ በፊት በ3 ዕቃ ይሞክሩት።

ሁለተኛው ነገር የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። እርስዎ በትክክል «ሐበሻ» ብለው ይጽፋሉ፤ ገዢው ግን «ሀበሻ» ብሎ ይፈልጋል። ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለመኪናው ግን ሁለት ልዩ ልዩ ቃላት ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲሁም «ዕቃ» እና «እቃ»፣ «ጸጉር» እና «ፀጉር» አሉ። በርእሱ ላይ ትክክለኛውን ጽፈው ከግርጌ ሌላውን አጻጻፍ ቢጨምሩ ፈላጊው ያገኝዎታል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ ማሳየት እንዳለበት ደንግጎ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ወጥቶ፣ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለሚደረግ ንግድ ሕጋዊ መሠረት ሰጠ። እንግዲህ ዋጋን በውስጥ መስመር ደብቆ የገዢውን አነጋገር አይቶ መጥራት የሚያስመሰግን ብልሃት አይደለም። አንዳንድ ሻጭ «ተፎካካሪዬ እንዳያይብኝ ነው» ይላል። ተፎካካሪው ግን እንደ ማንኛውም ገዢ ጽፎ ቢጠይቅ ዋጋውን ያገኘዋል። ስለዚህ የሚጎዳው ዞሮ ዞሮ ገዢው ነው።

እርስዎም፣ ውድ አንባቢ፣ ገዢ በሆኑ ጊዜ ድርሻ አለዎት። ገንዘብ ከመላክዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ልኩ ስንት ነው? ከምን ተሠራ? ፎቶግራፉ የዚሁ ዕቃ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ የተወሰደ? ሻጩ ዕቃውን በእጁ ይዞ የዕለቱን ፎቶግራፍ ሊልክልዎ ከቻለ መልካም ምልክት ነው። ካልቻለ ግን ዕቃው እርሱ ዘንድ ላይኖር ይችላልና ገንዘብዎን አይልኩ።

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ስድሳ መግለጫ ሻይ ሳይፈላ መጻፍ መቻሉ ድንቅ ነገር ነው፤ የምንቃወመውም አይደለም። ርቀው ለሚኖሩ ባለ እጆች ከዋናው ከተማ ሱቅ ጋር እኩል የሚያቆማቸው መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ብቻ መሣሪያው የሚጽፈው የተነገረውን ይሁን።

ወደ ቡራዩዋ ቤት እንመለስና እንጨርስ። ልጅቱ ስድሳውን መግለጫ ደመሰሰች። በማግሥቱ በጠዋት ስልኳን ትታ ደብተርና የልብስ ሰፊ ሜትር ይዛ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ልብስ ዘርግታ «አባባ፣ ይሄኛው ስሙ ምንድን ነው?» አለቻቸው። አባትም ጫፉን በሁለት ጣታቸው ይዘው አሸት አሸት አደረጉና፣ «ጻፊ እንግዲህ» አሏት።